እትዬ ሰከንድ ያየችው

ሥራዋ የሕፃናትን ዓይን ማየት ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች፣ ካፖርቷን ከበሩ ጀርባ ትሰቅላለች፣ ከዚያ ከትንሿ የእንጨት መድረክ ጎን በተዘረጋው ጥቁር መጋረጃ ኋላ በርጩማዋን ስባ ትቀመጣለች። መጋረጃው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለች። በቀዳዳዋ አሻግራ ስታይ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ይታያታል። ሕፃኑ መድረኩን ሲያይ አዝራር ትጫናለች፤ ዓይኑን ሲያነሳ ትለቃለች። ሰከንዱን ኮምፒዩተሩ ይይዛል።

ድሮ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበረች። መኪናዎቹ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲወርዱ እሷም አብራ ልትወርድ ምንም አልቀራት ነበር። ፕሮፌሰሯ ናት «ጣትዎ ፈጣን ነው» ብላ ወደ ሕፃናት ቤተ ሙከራ የወሰደቻት። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆናት። «እትዬ ሰከንድ» የሚለውን ስም ያወጣላት መድረኩን የሠራው አናጢ ነው። «ምሳ እንውጣ ብላት አሥራ ሁለት ሰከንድ ጠብቀኝ አለችኝ፤ ደግሞ ልክ በአሥራ ሁለተኛው ወጣች» እያለ ለሁሉም አወራ። ስሙ ተጣበቀባት፤ እሷም አልጠላችውም።

መድረኩ ላይ የሚታየው ለአዋቂ ሰው ተራ ነገር ነው። ጓንት ያጠለቀ እጅ ቀይ ሳጥን በጣውላ ላይ ቀስ አድርጎ ይገፋል። አንዳንዴ ሳጥኑ ጣውላው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አንዳንዴ ደግሞ ጫፉን አልፎ ይሄድና ከሥሩ ምንም ሳይኖር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከኋላው የያዘው ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ግን ለሕፃኑ አይታየውም። ጥያቄው፣ መናገር የማይችል፣ ተደግፎ ካልሆነ መቀመጥ የማይችል ፍጡር ዕቃ ያለ ድጋፍ እንደማይቆም ያውቃል ወይ ነው። ሕፃን ተጠይቆ አይመልስም። ነገር ግን ያልጠበቀውን ሲያይ ዓይኑን ተክሎ ይቀራል፤ የጠበቀውን ሲያይ ቶሎ ይሰለቸዋል። መልሱ እዚያ ሰከንዶች ውስጥ አለ።

እትዬ ሰከንድ የትኛው ሳጥን እየታየ እንደሆነ እንዳታውቅ ሆን ተብሎ መድረኩ ተጋርዶባታል። ካወቀች ጣቷ ወደ ምኞቷ ሊያደላ ይችላል ይባላል። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተንጠለጠለውን ሳጥን አይታ አታውቅም፤ የምታየው የሚያየውን ዓይን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብቻዋን ሆና የጠዋቱን ቪዲዮ ምስል በምስል እየቆጠረች ታመሳክራለች። ከሺህ በላይ ሕፃናት በእጇ አልፈዋል። አንድም ወልዳ አታውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጥፋት አጥፍታ ነበር፤ ቢያንስ ጥፋት ነው ተብላለች። አንዲት እናት «ልጄን እንዴት አያችሁት?» ብላ ብትጠይቃት «ዓይኑ ትንሽ ሸወር ይላል፤ ብታሳዪው አይከፋም» አለቻት። እናትየዋ ከሐኪም ሐኪም ስትንከራተት ከረመች። ልጁ ደህና ነበር፤ በዚያ ዕድሜ የሕፃን ዓይን አንዳንዴ ይባዝናል። አባትየው አቤቱታ ጻፈ፣ ፕሮፌሰሯ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፣ ጥናቱ ለአራት ወር ታገደ፣ ሁለት ሠራተኞች በዚያው ከሥራቸው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ስለ ልጅ ጤና ለወላጅ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው።» ወረቀቱን የጻፈችውም የለጠፈችውም እትዬ ሰከንድ ነበረች።

ፀጉር ሠሪዋ የመጣችው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። የአምስት ወር ልጇን ታቅፋ፣ ቦርሳዋን በጥርሷ ነክሳ በትከሻዋ በሩን ገፍታ ገባች። ልጅቷ ጉንጯ ከፊቷ ቀድሞ የሚደርስ ድብልብል ነበረች። እናቷ «ድቡሌ» ነው የምትላት።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ለእናንተ ትሆናለች» አለች ልጇን ጭኗ ላይ እያደላደለች። «ቤት ውስጥ ያላፈጠጠችበት ነገር የለም። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ በወር አንዴ ነው ብቅ የሚል። ሲመጣ ታፈጥበትና መታወቂያ ያልያዘ ሰው ይመስል በር ላይ ይቆማል።»

እትዬ ሰከንድ ሳቀች። የልጅቷን ጉንጭ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ወደ መጋረጃዋ ገባች።

የዚያን ዕለት ድቡሌ አንዴ ዓይኗን ተክላ አርባ አንድ ሰከንድ ቆየች። ፕሮፌሰሯ ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥሩን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች። የተንጠለጠለውን ሳጥን በዚያ ጥናት የዚያን ያህል ያየ ሕፃን አልነበረም። «ይቺስ ፊዚክስ አስተማሪ ናት» አለች። ሁሉም ሳቁ። ፀጉር ሠሪዋ ምን እንዳሳቃቸው በደንብ ባይገባትም ልጇ እንደተመሰገነች ገብቷት ፊቷ በራ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሰከንድ ቪዲዮውን ከፈተች። የካሜራው መብራት ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ በየሕፃኑ ዓይን ውስጥ ብርሃኑ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ቀላ ብሎ፣ አንዳንዴ ጭራሽ ሳይታይ። የድቡሌ ቀኝ ዓይን እንደዚያው ነበር። ልጅቷ ወደ ጎን ስትዞር ግን የግራው ብሌን ነጣ። እትዬ ሰከንድ ምስሉን አቆመችው። ወደ ኋላ መለሰችው፣ እንደገና አሳየችው። የመኪና መብራት ያረፈበት የድመት ዓይን ይመስላል። በሌላ ምስል ጠፋ፣ በሌላ ተመለሰ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ቆጠረች። የሌሎች ልጆችን ቪዲዮ፣ ስልሳ ያህል፣ እስከ ምሽት ከፍታ አየች። አንድም እንደዚያ ያለ አላገኘችም።

በማግስቱ ወደ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባች።

ፕሮፌሰሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኗን አሸች። «መብራቱ ሊሆን ይችላል፣ እትዬ። የካሜራው አቅጣጫ ሊሆን ይችላል።»

«የሌሎቹ እንዲህ አይደለም።»

«እናቷን ጠርተን ምን እንላታለን? እኔም እርስዎም ሐኪሞች አይደለንም። ያለፈው ጊዜ የሆነውን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ።»

«የዓይን ሐኪም የሆነ ወዳጅ አለኝ። ልልክለትና እሱ ይበለን። እስከዚያ ለማንም አይናገሩ፤ ይሄን አደራ እልዎታለሁ።»

እትዬ ሰከንድ እሺ ብላ ወጣች። አለቃዋን ማስጠንቀቂያ ያሰጠች ሰው እሺ ከማለት ሌላ ምን ቃል ይኖራታል? ፕሮፌሰሯ በሚቀጥለው ሳምንት ለስብሰባ ባሕር ማዶ ሄደች። ስትመለስ የጥናት ዘገባ ማስረከቢያ ደርሶባት ነበር። እትዬ ሰከንድ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አግኝታት «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አለቻት። ፕሮፌሰሯ እጇ ላይ የወረቀት ክምር ይዛ «የቱ?» አለች፤ ከዚያ ግንባሯን መታ አድርጋ «ነገ፣ ነገ እልከዋለሁ» ብላ አለፈች። እትዬ ሰከንድ ሁለተኛ አልጠየቀችም። በኋላ ራሷን እንደ እግር እሳት ያቃጠላት ይሄ ነው፤ ሁለተኛ አለመጠየቋ።

አንድ ጊዜ ስልክ ደውላለች። የወላጆቹ ቁጥር ያለበትን መዝገብ ከመደርደሪያ አውርዳ፣ በሯን ዘግታ ደወለች። ፀጉር ሠሪዋ አነሳችው፤ ከኋላዋ የፀጉር ማድረቂያ ያጉረመርማል።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

«ከቤተ ሙከራው ነኝ። ከሕፃናቱ…»

«እትዬ! ድቡሌ እኮ ተንፏቀቀች። ደህና ናችሁ?»

እትዬ ሰከንድ አፏ ውስጥ ያለውን ፈለገችው። ተንሸራተተባት። «ለሁለተኛው ቀጠሮ ላስታውስሽ ብዬ ነው» አለች። «ስምንት ወር ሲሞላት።»

«አልረሳሁትም፤ ግድግዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ደግሞ እዚያ ስንመጣ እንዴት እንደምታከብሯት!»

ስልኩን ዘግታ መዝገቡን ቦታው መለሰች። ቀን ቀንን ተካ። ከመጀመሪያው ሐሙስ እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ ሁለት ወር ከሃያ ስድስት ቀን ነበር።

ድቡሌ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ካሜራ አላስፈለገም። ፀጉር ሠሪዋ መስኮቱ አጠገብ ቆማ የልጇን ኮፍያ ስትፈታ ብርሃኑ በጎን ገባ፤ እትዬ ሰከንድ ከሦስት እርምጃ ላይ ሆና በባዶ ዓይኗ አየችው። የግራው ዓይን ወደ ውስጥ ዞር ብሎ ብሌኑ የተላጠ ዛጎል መስሏል።

«ፎቶ ሳነሳት ያበራል» አለች ፀጉር ሠሪዋ ፈገግ ብላ። «እናቴ ኮከብ ነው ትላለች። ደንበኞቼም ቀኑባት።»

መድረኩ ተዘጋጅቷል፣ ጓንት አጥልቆ ሳጥኑን የሚገፋው ወጣት ከኋላ ቦታውን ይዟል፣ ፕሮፌሰሯ ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀምጣለች። እትዬ ሰከንድ ወደ መጋረጃዋ አልገባችም። ካፖርቷን ከበሩ ጀርባ አወረደች።

«ኮፍያዋን መልሺላት» አለች። «የዓይን ሆስፒታል እንሄዳለን። አሁን።»

«እንዴት? ምን ሆነች?»

«አላውቅም። ሐኪም ግን ይያት። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ፕሮፌሰሯ «እትዬ» ብላ ተነሳች። ከዚያ የልጅቷን ፊት አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ የቀረውን ዋጠችው።

ሆስፒታሉ መጠባበቂያ አዳራሽ ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ ቆዩ። ድቡሌ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ነቃች፣ ጠባች፣ የፊተኛውን ሰውዬ ኮሌታ ይዛ አልለቅም አለች። ፀጉር ሠሪዋ መጀመሪያ ብዙ ታወራ ነበር፤ ከዚያ ወሬዋ እየሳሳ ሄደ። ስማቸው ተጠርቶ ሲገቡ ወጣት ሐኪም ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራት አበራ። ብዙም አልቆየ፤ አለቃውን ጠራ። አለቃው ሌላ ሰው ጠራ። ለሕፃን ዓይን ሦስት ሐኪም ሲሰበሰብ ፀጉር ሠሪዋ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

በማግስቱ ምርመራው ሁሉ አልቆ አለቃው ሐኪም አስቀምጦ ነገራት። በዓይኗ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዕጢ በቅሏል፤ ክፉ ዕጢ ነው። ቀኝ ዓይኗ ንጹሕ ነው። ግራው ግን መውጣት አለበት፣ በዚህ ሳምንት።

«ዓይኗ? ዓይኗ ነው የሚወጣው?»

«አዎ፣ እህቴ።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ቀደም ብሎ ቢሆን፣ ከሁለት ሦስት ወር በፊት፣ ዓይኗን ለማትረፍ እንሞክር ነበር። እርግጠኛ ሆኜ ይተርፍ ነበር አልልሽም። ግን እንሞክር ነበር። አሁን የምንይዘው ሕይወቷን ነው።»

እትዬ ሰከንድ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። የሐኪሙን ቃል ሰማች፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም።

ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ሆነ። ሾፌሩ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ደረሰ፤ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ድቡሌ ከነፋሻዋ ወጣች። ሐኪሙ ዕጢው ከዓይኗ ውጭ አለመውጣቱን ነገራቸው። ሁሉም ሰው እትዬ ሰከንድን አመሰገነ። የፀጉር ሠሪዋ እናት እጇን ይዛ ልትስም ጎንበስ አለች። ሾፌሩ «እርስዎ ባይኖሩ ልጄን ቀብሬ ነበር» አላት። ፀጉር ሠሪዋ ሁለት ቀን ሙሉ እጇን አልለቀቀችም፤ ለሚመጣ ዘመድ ሁሉ «እትዬ ናት ያየችልን» ትላለች። እትዬ ሰከንድ ምስጋናውን ዓይኗን ሰብራ ትቀበላለች። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ለልብስ ወደ ቤት ሲሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቷ ግራ ፊቷ በፋሻ ተሸፍኖ ተኝታለች።

«ልጄ» አለች እትዬ ሰከንድ፣ «የምነግርሽ አለኝ።»

«ይንገሩኝ።»

«የመጀመሪያ ቀን የመጣችሁ ጊዜ አይቼዋለሁ። በቪዲዮው ላይ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት።»

ፀጉር ሠሪዋ አልገባትም። «ምኑን?»

«ዓይኗን። ሲነጣ። ለአለቃዬ ተናገርኩ፤ ለሐኪም አሳያለሁ አለች፣ ረሳችው። እኔ ግን አልረሳሁም። ላንቺ መንገር ፈራሁ።»

ኮሪደር ላይ የሆነ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ።

«ጉንጯን ቆንጥጠዋት የገቡ ዕለት?»

«የዚያን ዕለት።»

«ፊዚክስ አስተማሪ ናት ብላችሁ የሳቃችሁ ዕለት?»

«አዎ።»

ፀጉር ሠሪዋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እንዴ፣ ደውለውልኝ ነበር እኮ። በስልክ። እኔ ተንፏቀቀች እያልኩ እነግርዎታለሁ…»

«ልነግርሽ ነበር የደወልኩት። አቃተኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ እጇን ከእትዬ ሰከንድ እጅ ቀስ አድርጋ አወጣች። አልጮኸችም። ወደ ልጇ ዞራ ብርድ ልብሱን አስተካከለች፤ ምንም ያልተዛነፈውን እንደገና አስተካከለች። «ይውጡልኝ» አለች ሳትዞር። «እባክዎ፣ እሱ ሳይመጣ ይውጡልኝ።»

እትዬ ሰከንድ በዚያው ሳምንት የሆነውን በሙሉ ጽፋ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስገባች። የራሷን አልሸፈነችም፤ የስልኩን ነገር ጭምር ጻፈች። ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ቢሮዋን ዘግታ ተቀመጠች፤ ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ኮሚቴው ሁለቱንም ገሠጸ። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ተነቀለ፤ ከዚያ ወዲህ በሕፃን ዓይን ላይ አጠራጣሪ ነገር ከታየ በዚያው ቀን ለሐኪም እንዲላክ፣ ወላጅም በዚያው ቀን እንዲነገረው ተወሰነ። ለድቡሌ ግን የሚጠቅማት ነገር አልነበረበትም።

ቀጥሎ ከፀጉር ሠሪዋ ደብዳቤ መጣ፤ አንድ ገጽ የማይሞላ። የልጇ ምስልም ቁጥርም ከጥናቱ እንዲወጣ፣ ሐኪሞቹ ከወሰዱት ቅጂ በቀር ሁሉም እንዲጠፋ ይጠይቃል። መብቷ ነው። ማጥፋቱ የእትዬ ሰከንድ ሥራ ነበር። ቪዲዮውን አንዴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። ልጅቷ ቅንድቧን ሰቅላ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ እዚያ የተንጠለጠለውን ነገር ታያለች፤ አርባ አንድ ሰከንድ። ከዚያ አጠፋችው። አርባ አንድም ከሰንጠረዡ ወጣ።

ድቡሌ በየሦስት ሳምንቱ ለክትትል ትመጣለች፤ እትዬ ሰከንድ ቀኑን ከሆስፒታሉ ነርስ አጠያይቃ አወቀች። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሄዳ የአዳራሹ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ፀጉር ሠሪዋ አየቻት፤ እንዳላየች ሆና አለፈች። በሁለተኛው ቀጠሮም እንደዚያው። እትዬ ሰከንድ አልተጠጋችም፣ ሰላም አላለችም፤ እነሱ ወጥተው እስኪሄዱ ትቀመጥና ትነሳለች። እህቷ «ምን ፈልገሽ ነው የምትሄጂው?» ብትላት ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

በሦስተኛው ቀጠሮ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሾፌሩ መንገድ ላይ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ ብቻዋን ናት፤ የሕፃን ጋሪውን በር ላይ አቁማዋለች። ልጅቷን በአንድ እጇ፣ የምርመራ ወረቀቶቹን በሌላው ይዛ የመዝጋቢው መስኮት ጋ ስትደርስ ወረቀቱ ተበተነባት። ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ጥጉ መጣች፣ ልጅቷን እትዬ ሰከንድ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«እንዳትወድቅ» አለችና ወረቀቷን ልትለቅም ተመለሰች።

ድቡሌ ከብዳለች፣ ጥርስ አውጥታለች። በግራ በኩል የተቀመጠላት አርቴፊሻል ዓይን ከቀኙ ጋር አብሮ አይዞርም። የተቀመጠችበትን ሰው ፊት ፈልጋ በግራ በኩል ጭንቅላቷን ብታዞር አላገኘችውም፤ ጨርሳ እስክትዞር ድረስ አንገቷን ጠመዘዘች። እትዬ ሰከንድ ወደ ቀኟ አዞረቻት። ልጅቷ አየቻት። አፍጥጣ ቆየች። እትዬ ሰከንድ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አልቆጠረችም፤ እንባዋ የልጅቷ ፀጉር ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቷን ወደ ኋላ ይዛ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ስትመለስ ልጇን ወዲያው አልወሰደችም። አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ይቅር እንድልዎት ነው የሚመጡት?»

«አይደለም፣ ልጄ።»

«ምክንያቱም አልልም።»

«አውቃለሁ።»

«ብርሃን ወዳለበት በሄድን ቁጥር ያቺ ሐሙስ ትመጣብኛለች። ሰው ሲያመሰግንዎት ደግሞ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ያልነገሩኝ እርስዎ ኋላም ወደ ሆስፒታል ባይወስዱን ኖሮ እኔ ኮከብ ነው እያልኩ እቀብራት ነበር። ሁለቱንም ይዤ ነው የማድረው። አልታረቁልኝም።»

እትዬ ሰከንድ የልጅቷን ካልሲ ወደ ላይ ሳበች።

ስማቸው ሲጠራ ሦስቱም ገቡ። ማን እንደሆነች ሐኪሙም አልጠየቀ፣ ፀጉር ሠሪዋም አልተናገረች። ሐኪሙ መብራቱን በቀኝ ዓይኗ ላይ አሳርፎ ረጅም ጊዜ አየ። «ንጹሕ ነው» አለ። ፀጉር ሠሪዋ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ትከሻዋ ዝቅ ሲል ታየ። ሐኪሙ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ለሚቀጥለው ወር አሥራ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጻፈ።

አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አብረው ሄዱ። አውቶቡሱ ሲቆም እትዬ ሰከንድ የሕፃን ጋሪውን የፊት እግር ይዛ አነሳችላት፤ ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ ገፋች፣ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ፀጉር ሠሪዋ ይምጡ አላለቻትም፣ አይምጡም አላለቻትም። እትዬ ሰከንድ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆማ አየች፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ምን ቀን እንደሚውል በጣቷ እየቆጠረች ወደ ሥራዋ ተመለሰች።